የዳሞታ ላም፣ የዋይካቶ ላም

ከወላይታ ሶዶ ወጣ ብሎ፣ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ባሉት የገጠር ቀበሌዎች የቀኑ ሥራ የሚጀመረው ከጋጡ ነው። ገና ጎሕ ሲቀድ የቤቱ እመቤት ሌሊቱን የተጠራቀመውን እበት በእጇ ትሰበስባለች፤ ከገለባና ከተራረፈ መኖ ጋር ቀላቅላ ቅርጫት ትሞላለች። በአካባቢው ልማድ ከብት ውጭ አያድርም። በአንድ ጣራ ሥር፣ በመከለያ ብቻ ተለይቶ፣ ከቤተሰቡ ጋር ነው የሚያድረው። ሴትዮዋ ቅርጫቱን ተሸክማ ሩቅ አትሄድም፤ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው የእንሰት ጓሮ ትዘልቃለች። ትልልቆቹን እንሰቶች አልፋ ገና ሥር በመስደድ ላይ ባሉት እግር ሥር ትደፋውና ዙሪያውን በእጇ ታስተካክላለች። የጓሮው አፈር ጥቁርና ለስላሳ ነው። ከቤቱ ትንሽ ራቅ ብሎ በቆሎ በሚዘራበት ማሳ ላይ ግን አፈሩ ቀላና ደረቅ ያለ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ቅርጫቱ ነው።

በጋጡ ውስጥ ላሚቱ ተኝታ ታመሰኳለች። ከፊቷ የእንሰት ቅጠል፣ የበቆሎ አገዳና ከመንገድ ዳር የታጨደ ሣር ተጥሎላታል። ሰው ሊያላምጠው የማይችለውን ይህን መኖ በሆዷ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን አብላልተው ሥጋ፣ ጉልበትና ወተት ወደሚሆን ነገር ይለውጡታል። ከዚህ ሥራ የሚተርፈው ሃይድሮጂን ከካርቦን ጋር ተዋህዶ ሚቴን ይሆንና በግሳት ይወጣል። ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ሲታይ በክብደት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ሙቀት ያምቃል። በአየር ላይ የሚቆየው ግን ለ12 ዓመት ያህል ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለብዙ መቶ ዓመታት ይከማቻል።

ይህ ግሳት በኢትዮጵያ ስም ይመዘገባል። መንግሥት በ2004 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የአገሪቱን ዓመታዊ የጋዝ ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ አድርጎ አስልቶት ነበር። ከዚህ ውስጥ 65 ሚሊዮኑ ከእንስሳት፣ 12 ሚሊዮኑ ከሰብል እርሻ፣ 55 ሚሊዮኑ ደግሞ ከደን መጨፍጨፍና መመናመን የመጣ ነው። የደኑም ነገር ቢሆን ከምግብ አይርቅም። ስትራቴጂው ራሱ እንዳስቀመጠው ደን በዋናነት የሚጠፋው ለእርሻ መሬት ሲመነጠርና ለማገዶ ሲቆረጥ ነው። እንግዲህ ኢትዮጵያ የምታወጣው ጋዝ በአብዛኛው የሚበላ ነገር ለማምረትና ለማብሰል የሚወጣ ነው ማለት ይቻላል።

ከማን ጋር ነው ታዲያ መወዳደር ያለብን? ከቻይና ወይም ከአሜሪካ ጋር መለካካት ብዙ አያስተምርም፤ የእነሱ ጋዝ በአብዛኛው ከኃይል ማመንጫ፣ ከፋብሪካና ከመኪና የሚወጣ ነው። ከበለጸጉት አገሮች መካከል የእኛን የሚመስል መዝገብ ያላት ኒውዚላንድ ናት። እ.ኤ.አ. በ2022 ካወጣችው 78 ሚሊዮን ቶን ገደማ ጋዝ ውስጥ 53 በመቶው ከእርሻና ከከብት ነበር። በሰሜናዊ ደሴቷ የሚገኘው የዋይካቶ አውራጃ ዋነኛ የወተት አገር ነው። በኒውዚላንድ አንድ የወተት እርሻ በአማካይ 440 ያህል ላሞችና ከ150 ሄክታር በላይ የሣር መሬት አለው፤ ከብቶቹ ዓመቱን ሙሉ ውጭ ይግጣሉ፣ በማሽን ይታለባሉ። በወላይታ ደግሞ የብዙው ቤተሰብ ይዞታ ከግማሽ ሄክታር አይሞላም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ዞኑ 4,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መሬት ላይ 1.5 ሚሊዮን ሰው ይዞ ተገኝቷል። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ350 ሰው በላይ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ጨምሯል፤ መሬቱ ያው ነው።

ሁለቱ አገሮች በወረቀት ላይም ተገናኝተው ያውቃሉ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅትና የኒውዚላንድ የግብርና ሙቀት አማቂ ጋዝ ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2017 የኢትዮጵያን የወተት ከብት ልቀት የሚመረምር የጋራ ዘገባ አውጥተዋል። በዚያ ዘገባ የኢትዮጵያ ላም ያገኘችው ውጤት መጥፎ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ስሌቱን ከሥሩ መከተል ይጠቅማል።

በይነ መንግሥታዊው የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው የአሠራር መመሪያ ላይ የራሳቸው ልኬት ለሌላቸው አገሮች የሚያገለግል ቁጥር አስቀምጧል። በዚያ መሠረት በአፍሪካ የምትታለብ አንዲት ላም በዓመት 46 ኪሎ ግራም ሚቴን ታወጣለች፤ በኒውዚላንድና በአውስትራሊያ አካባቢ ያለችው 90 ኪሎ ግራም። በነፍስ ወከፍ፣ ላም ከላም ጋር ሲተያይ፣ የእኛዋ የዚያችን ግማሽ ብታወጣ ነው። ነገር ግን የአገር ውስጥ ዝርያ የሆነችው ላም በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ የናሙና ጥናቶች መሠረት በቀን 1.5 ሊትር ያህል፣ ለ7 ወር ገደማ ብቻ ትታለባለች፤ በአንድ የእልበት ወቅት 300 ሊትር ይሆናል። የኒውዚላንዷ በዓመት ከ4,000 ሊትር በላይ ትሰጣለች። 46 ኪሎውን በ28 አባዝተን ለ300 ሊትር ስናካፍለው በሊትር ከ4 ኪሎ ግራም በላይ ይደርሳል። የዚያችኛዋ 600 ግራም ቢሆን ነው።

ይህም የነገሩ ግማሽ ነው። የአንድ ሊትር ወተት ሒሳብ የምትታለበው ላም ላይ ብቻ አያበቃም። ለመጀመሪያ ጊዜ እስክትወልድ አራት ዓመትና ከዚያ በላይ የምትቆየው ጊደር፣ ነጥፋ ወራት የምታሳልፈው ላም፣ ጥጃው፣ ኮርማው፣ ሁሉም ይበላሉ፤ ሁሉም ያገሳሉ። ወተት የሚሰጡት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ከላይ የጠቀስኩት የ2017 ዘገባ መላውን መንጋ ደምሮ ሲያሰላ የኢትዮጵያ አንድ ኪሎ ግራም ወተት በአማካይ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ጋዝ ያስከትላል ብሏል። የዓለም አማካይ 2.5 አካባቢ ነው፤ የኒውዚላንድ ከአንድ ኪሎ ግራም በታች።

በዚህ ስሌት የዳሞታዋ ላም ጥፋተኛ ሆና ትቆማለች። በዓለም አቀፍ ስብሰባዎችም የአፍሪካ ከብት አርቢ የሚወቀሰው በዚሁ ቁጥር ነው።

አሁን ያንኑ መዝገብ ለሰው እናካፍለው። የ2004ቱ ስትራቴጂ ለእንስሳትና ለሰብል ያስቀመጠው ድምር 77 ሚሊዮን ቶን ነው። ለወቅቱ ሕዝብ ሲካፈል ለአንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት አንድ ቶን አይሞላም። የኒውዚላንድ ከእርሻ የሚወጣ 41 ሚሊዮን ቶን ገደማ ለ5 ሚሊዮን ሕዝብ ሲካፈል በሰው 8 ቶን ይደርሳል። በሊትር ሲሰላ እኛ እጅግ ወደ ኋላ የቀረን ነን፤ በሰው ሲሰላ እነሱ ስምንት እጥፍ ይበልጡናል። ሁለቱም ትክክለኛ ሒሳብ ነው። የትኛው ቁጥር በርዕስ እንደሚወጣ የሚወስነው ማን እንዲወቀስ እንደተፈለገ ነው።

ለኒውዚላንድም ግን ፍትሐዊ መሆን ያሻል። አገሪቱ ከምታመርተው ወተት 95 በመቶ ያህሉን ወደ ውጭ ትልካለች። ጋዙ በኒውዚላንድ ስም ይመዘገባል፣ የዱቄት ወተቱን የሚጠጣው ግን በቻይና ወይም በደቡብ ምሥራቅ እስያ ያለ ሕፃን ነው። የአገሮች መዝገብ የሚያየው ከየት መሬት እንደወጣ እንጂ ማን እንደበላው ስላልሆነ ገበሬዎቿ ሌላውን ዓለም እያጠጣን እኛ እንወቀሳለን ማለታቸው መሠረት አለው። ያ ወተት ዱቄት ለመሆን ሌላም ነገር ያስፈልገዋል። ፈሳሹን የሚያደርቁት ፋብሪካዎች ከፍተኛ ሙቀት ይጠቀማሉ፤ በደቡባዊው ደሴት ይህ ሙቀት ለረጅም ጊዜ የተገኘው ከድንጋይ ከሰል ነው፤ ትልቁ የወተት ኩባንያ ፎንቴራ ከከሰል ለመላቀቅ ለራሱ የሰጠው ቀነ ገደብ እ.ኤ.አ. 2037 ነው። በወላይታ ቤት ወተቱ በቅል ይናጣል፣ ቅቤው በእንሰት ቅጠል ይጠቀለላል፤ ጭሱ ያለው ምድጃው ላይ ነው፣ ቆጮው በሚጋገርበት፣ ቦይናው (ጎደሬው) በሚቀቀልበት የማገዶ እሳት ላይ። ያ ጭስ ከአየሩ በፊት የሚገባው በሴቶችና በሕፃናት ሳንባ ውስጥ ነው።

ከሁለቱ ስሌቶች በላይ ግን የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ ላሚቱ ለምን ተያዘች? የዋይካቶው ገበሬ መልስ አጭር ነው፤ ለወተት። ስለዚህ ጋዙን ለወተት ማካፈል ትክክል ነው። የወላይታው ገበሬ ቢጠየቅ ወተትን መጀመሪያ የሚጠራ አይመስለኝም። ፍግ ይላል። ወንድ ከወለደች በሬ ይወጣዋል ይላል። ቅቤዋ ለገበያ ነው። ልጅ ሲታመም፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስ፣ ዝናብ ሲያጥር ትሸጣለች። ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታና ለመስቀል ሰንጋ ለመግዛት ወንዶቹ በቡድን ሆነው ወራት ሙሉ ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ ሴቶቹ ለቅቤው የራሳቸውን ያጠራቅማሉ። ያ ሰንጋ ደግሞ በጓሮ ታስሮ በስኳር ድንች ሐረግና በበቆሎ አገዳ የተቀለበ የሌላ ጎረቤት ሀብት ነው። የራሱ ከብት የሌለው ሰው እንኳ የሌላውን ላም አርብቶ ወተቱንና ፍጉን የሚጠቀምበት፣ ከውላጇም የሚካፈልበት ኮታ የሚባል አሠራር አለ። አንዲት ላም የሁለት ቤት ሰው ትደግፋለች ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ሥራ ረስቶ ጋዙን በሙሉ በአንድ ሊትር ወተት ላይ መጫን ስሌቱን ያዛባዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ በኬንያ ካፕቱሞ በሚባል ቦታ የተካሄደ ጥናት ይህንኑ ፈትኖታል። ጋዙ ለምግብ ብቻ ሲካፈል አንድ ኪሎ ግራም ወተት 2 ኪሎ ግራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ አስከተለ። ላሚቱ እንደ ቁጠባ፣ እንደ መድንና እንደ ፍግ ምንጭ የምትሰጠው ጥቅም ሲታከልበት የወተቱ ድርሻ ወደ 1.1 ወረደ። ላሚቱ አልተለወጠችም፣ መኖዋም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው።

ከእነዚህ ጥቅሞች ሁሉ ፍጉን ለይቼ ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በወላይታ ምግብና ጋዝ የሚገናኙት እሱ ላይ ነው። እንሰት በኢትዮጵያ 20 ሚሊዮን ለሚሆን ሰው ምግብ ነው። በየዓመቱ አይታረስም፤ ለመድረስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይቆማል፤ ቅጠሉ መሬቱን ይጋርደዋል፣ ሥሩ አፈሩን ይይዘዋል። ከተነቀለ በኋላ ግንዱ ተፍቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተብላልቶ ቆጮ ይሆናል፤ ከፈሳሹ ቡላ ይወጣል፤ አሚቾው ይቀቀላል። ፈተናውን ሁሉ የሚቋቋመው ግን ፍግ ካገኘ ነው። ላም የተሸጠችበት ቤት ጓሮው ቀስ በቀስ ይሳሳል። የቤተሰቡ ኑሮ ከዓመት እስከ ዓመት ከሚጠብቀው ተክል ወደ በቆሎና ስኳር ድንች ይዞራል፤ እነዚህ ደግሞ በልግ ሲቀር አብረው ይቀራሉ። በ2000 ዓ.ም. የበልግ ዝናብ ሲጓደል በወላይታና በአካባቢው የሆነው ይኸው ነው። ኮረብታው አረንጓዴ ሆኖ ሕፃናት ሲከሱ የታየበት፣ አረንጓዴው ረሃብ የተባለው ጊዜ ነበር። በአንድ ላም መሸጥ የሚቀነሰውን 46 ኪሎ ሚቴን የሚቆጥር ሰው ከጓሮው አፈር የሚሸሸውን ካርቦንም መቁጠር አለበት፤ ካልቆጠረ አልለካም።

ወላይታ ለዚህ ዓይነቱ የውጭ ሒሳብ አዲስ አይደለም። የዓለም ባንክ ገንዘብ የሰጠው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ዋዱ፣ በ1962 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቷል። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር አከፋፍሏል፤ በቆሎውን አሳድጓል። የማዳበሪያው ናይትሮጂን ተክሉ ሳይወስደው ሲቀር በከፊል ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል፤ ይህ ጋዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ260 እጥፍ በላይ ሙቀት ያምቃል። የወላይታ ገበሬ የሚጠቀመው መጠን ጥቂት ስለሆነ በዚህ በኩል ብዙ የሚወቀስበት የለም። ይልቅ የማዳበሪያ ዋጋ ሰማይ በነካባቸው ዓመታት ቅርጫት ተሸክማ ጓሮ የምትገባው ሴት ምን ያህል እንደምታድን ታይቷል።

ኒውዚላንድ ከዚህ በፊት ያለፈችበት መንገድ ለእኛ ማስጠንቀቂያ የሚሆን ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወተት ከብቶቿ 3.4 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ሰላሳ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከ6 ሚሊዮን አለፉ። በእነዚያው ዓመታት ዝርያው ተሻሻለ፣ መኖው ተሻሻለ፣ በሊትር የሚወጣው ጋዝ በየዓመቱ ቀነሰ። ከእርሻ የሚወጣው ጠቅላላ ጋዝ ግን ከ1990ው በላይ ሆኖ ቀጠለ፤ ምክንያቱም ርካሽና ብዙ ወተት ብዙ ላም ያስፈልገዋል፣ ያዋጣልም። በሊትር መሻሻልና በድምር መቀነስ አንድ አይደሉም።

ድምሩን ለመቀነስ ሲሞክሩ ደግሞ ፖለቲካው ያዛቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 መንግሥት ከከብት ልቀት ላይ ቀረጥ ለመጣል ሲያስብ ገበሬዎች ተነሡ፤ አንድ የምክር ቤት አባል በትራክተር የፓርላማውን ደረጃ ወጣ፤ ቀረጡም ቀረ። በ2019 የወጣው ሕግ እስከ 2050 ከከብት የሚወጣ ሚቴን ከ24 እስከ 47 በመቶ እንዲቀንስ ደነገገ። በ2022 የጃሲንዳ አርደርን መንግሥት ገበሬ ለጋዙ የሚከፍልበትን ዕቅድ አቀረበ፤ ተከትሎ የመጣው መንግሥት በ2024 ዕቅዱን ሰረዘ፤ በ2025 ደግሞ የሚቴኑን ግብ ራሱን ወደ 14 እስከ 24 በመቶ ዝቅ ለማድረግ ወሰነ። ከብት ላይ ግብር ለመጣል የመጀመሪያዋ የሆነችው ዴንማርክ ናት፤ በ2024 በተደረሰው ስምምነት ከ2030 ጀምሮ በቶን 300 ክሮነር፣ ከ2035 ጀምሮ 750 ክሮነር ይከፈላል። ከግብሩ 60 በመቶ ስለሚቀነስ ገበሬው በተግባር የሚከፍለው በመጀመሪያ 120 ክሮነር፣ ወደ 17 ዶላር ገደማ ነው።

ይህን እዚህ ማንሳቴ ሀብታሙ አገር አልሠራም ብሎ እኛ እጃችንን አጣጥፈን እንድንቀመጥ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. ባደሰችው ብሔራዊ ቃል ኪዳን እ.ኤ.አ. የ2030 ልቀቷን ካለ ምንም እርምጃ ይደርስበት ከነበረው በ68.8 በመቶ ለመቀነስ ቃል ገብታለች፤ አብዛኛው ቅናሽ በውጭ ድጋፍ ላይ የተመሠረተ ነው። ኒውዚላንድ በራሷ ገንዘብ፣ በራሷ ምሁራንና በዳበረ የእንስሳት ሕክምና ያቃታትን ነገር አንዲት ላም ካላት የወላይታ እናት ስንጠብቅ ግን ምን እንደምንጠይቅ ማወቅ አለብን።

በወላይታ የተሠራ ነገር የለም ማለትም አይደለም። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚሄድ መንገደኛ በሁምቦ ወረዳ ሲያልፍ የሚያያቸው ኮረብታዎች ከ20 ዓመት በፊት የተራቆቱ ነበሩ። ለማገዶና ለከሰል ተቆርጠው፣ ጎርፍ አፈራቸውን ጠርጎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ወርልድ ቪዥን ከነዋሪው ጋር ሆኖ 2,728 ሄክታር መሬት ከሰውና ከከብት ንክኪ ተጠብቆ እንዲያገግም አደረገ። ችግኝ በብዛት መትከል አላስፈለገም። ተቆርጠው መሬት ውስጥ ሕይወታቸው ያላለፈ ጉቶዎች ነበሩ፤ ከእያንዳንዱ የሚያቆጠቁጡትን ቅርንጫፎች እየመረጡ መግረዝና ጠንካሮቹን መተው ብቻ በቂ ሆነ። ዘዴውን አውስትራሊያዊው ቶኒ ሪናውዶ ቀደም ሲል በኒጀር አስፋፍቶት ነበር። መሬቱን ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተረከቡት። በ2002 ዓ.ም. ፕሮጀክቱ በኪዮቶ ስምምነት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ውስጥ ተመዘገበ፤ በአፍሪካ በዚያ መጠን የተመዘገበ የመጀመሪያው የደን ሥራ ነበር። ደኑ በ30 ዓመት 880 ሺህ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚይዝ ተሰላ፤ 165 ሺህ ቶኑን የዓለም ባንክ ባዮካርበን ፈንድ ለመግዛት ተዋዋለ። ማኅበራቱ በገንዘቡ የእህል መጋዘንና ወፍጮ ሠርተዋል። በዳሞታ ተራራ ላይም በዚሁ መንገድ 503 ሄክታር እንዲያገግም ተደርጓል።

ከሁምቦ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚገርመኝ ከብቱ የደረሰበት ነው። ከብት ከደኑ ተከለከለ፤ አርቢው ሣሩን አጭዶ በሸክም ወደ ቤት ያመጣ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው ግጦሹን እንደተነጠቀ ቆጥሮት ነበር። ሣሩ ግን ካረፈ በኋላ ከቀድሞው በዝቶ በቀለ፤ ላሚቱ ስትንከራተት የምታጠፋውን ጉልበት ለወተት አዋለችው፤ እበቱም በየሜዳው መበተኑ ቀርቶ ጋጡ ውስጥ ተሰበሰበ፤ ወደ እንሰቱ ሄደ። የጋዝ ቅነሳ ባለሙያዎች በወረቀት ላይ የሚጽፉት ሁሉ በአንድ ሸክም ሣር ውስጥ ነበር።

ስለዚህ በወላይታ ምን ይሠራ ቢባል መልሱ እዚያው ያለ ነው። ከጨንቻ ደጋ ተነሥቶ በደቡቡ የተስፋፋው ደሾ ሣር በእርከኑ ላይ ሲተከል አፈሩንም ይይዛል፣ መኖም ይሆናል። ዝሆኔ ሣር አጥር ዳር ይበቅላል። ጥጃ በክትባት እጦት ካልሞተ፣ ጊደር በአራት ዓመቷ ሳይሆን በሦስት ዓመቷ ከወለደች፣ ሰው ሠራሽ ማዳቀል ቀበሌ ድረስ ከደረሰ፣ ያቺው ላም ሁለትና ሦስት እጥፍ ትታለባለች፤ በሊትር የሚወጣው ጋዝም በዚያው ልክ ይወርዳል። የእንሰት አጠውልግ በሽታን የሚቋቋም ተክል ለማግኘት የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚለፋው ልፋትም የአየር ንብረት ሥራ ተብሎ ሊቆጠር ይገባል። ይህ ሁሉ መደረግ ያለበት ግን በመጀመሪያ ለልጁ ኩባያ ነው። የወላይታ ሕፃን ወተት ሳያገኝ የሚቀነስ ሚቴን የሚያኮራ አይደለም።

የመንጋው ቁጥር የሚቀንሰውም በምክር አይደለም። ገበሬ ሁለተኛዋን ላም የሚይዘው ለክፉ ቀን ነው። ለክፉ ቀን የሚሆን ሌላ ነገር፣ ደጁ ድረስ የሚደርስ ቁጠባና ብድር፣ የከብትና የሰብል መድን፣ ልጅ ሲታመም የማያስሸጥ ሕክምና ሲያገኝ፣ አንዲት ደህና ላም ይመርጣል። የኢትዮጵያ ከብት ዛሬ 70 ሚሊዮን ደርሷል ሲባል ብዙዎች ስለ ግሳት ያስባሉ። እኔ በዚያ ቁጥር ውስጥ የሚታየኝ ባንክና መድን ያልደረሰው ሰው ብዛት ነው።

ከዚያ ደግሞ የዋጋ ጉዳይ አለ። የዓለም ባንክ ለሁምቦው 165 ሺህ ቶን በአሥር ዓመት የሚከፍለው ከ700 ሺህ ዶላር ትንሽ የሚበልጥ ገንዘብ ነበር፤ ለአንድ ቶን ከ4 ዶላር ብዙም አይርቅም። የዴንማርክ ገበሬ ከቅናሽ በኋላ የሚጠየቀው የመነሻ ግብር እንኳ የዚያ አራት እጥፍ ያህል ነው። ግብርና ሽያጭ አንድ ዓይነት ነገር እንዳልሆኑ፣ የዓመታቱም ልዩነት እንዳለ አውቃለሁ። አየሩ ግን የሁምቦን ቶንና የዴንማርክን ቶን አይለይም። ኮረብታ ጠብቆ፣ ከብቱን ከግጦሽ አግዶ፣ ሣር በሸክም አመላልሶ አንድ ቶን ካርቦን ያስቀረ ገበሬ የሚያገኘው እና አንድ ቶን ያወጣ ገበሬ የሚጠየቀው ይህን ያህል መራራቁ ሊያነጋግር ይገባል።

ባንኩ የተዋዋለው ከ880 ሺህ ውስጥ 165 ሺህ ቶኑን ብቻ ነው፤ የደኑም የ30 ዓመት ዘመን ገና አላበቃም። ለቀሪው ገዢ ሲመጣ የሰባቱ ማኅበራት ሰዎች ወደ ድርድሩ የሚገቡት የዴንማርክንም የኒውዚላንድንም ዋጋ አውቀው መሆን አለበት። ሶዶ ዛሬ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት፤ ዩኒቨርሲቲም አላት። የጓሮውን አፈር ካርቦን፣ የላሚቱን ሚቴን፣ የሸክሙን ሣር እዚያው ለክተው ቁጥሩን በወላይትኛ ለማኅበራቱ የሚያስረዱ ሰዎች ከዩኒቨርሲቲውና ከአረካ መመደብ ይቻላል፤ ገዢው የራሱን ስሌት ይዞ ከመድረሱ በፊት።